ጋዝ ስቴሽኑን ለምን አልጻፍሽውም?

የእህቴ ልጅ እዚህ ሜሪላንድ ቢዝነስ ትማራለች። ሦስተኛ ዓመት ናት፣ አካውንቲንግ። ባለፈው መስከረም ካሪየር ፌር፣ ማለትም ቀጣሪዎች ትምህርት ቤት መጥተው ተማሪ የሚያነጋግሩበት ቀን፣ አለብኝ ብላ ሬዙሜዋን (ሲቪዋን) "አንዴ እይልኝ" አለችኝ። አንድ ገጽ ነው። ጂፒኤዋ 3.8፣ የወሰደቻቸው ኮርሶች፣ ኤክሴል እችላለሁ የምትል መስመር፣ ከዚያ በኋላ ባዶ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ጋዝ ስቴሽን (ነዳጅ ማደያ) ካሸር ሆና ስትሠራ ማታ ማታ ሄጄ የማመጣት እኔ ነኝ። እሱ ግን የለም። "ጋዝ ስቴሽኑስ?" ስላት፣ "አጎቴ፣ እሱ እኮ ሥራ አይባልም" አለችኝ።

በማግስቱ ወረቀቱን ይዛ ትምህርት ቤቷ ወዳለችው የሥራ አማካሪ ሄደች። ሴትየዋ አየት አድርጋ ወደ ጎን አስቀመጠችውና መጠየቅ ጀመረች። ቅዳሜና እሁድ ምን ትሠሪያለሽ? በአንድ ሺፍት ስንት ሰው ታስተናግጃለሽ? ማታ ሂሳቡን የሚዘጋው ማነው? ብር ሲጎድል እንዴት ነው የምታገኙት? ልጅቷ የምታውቀውን መለሰች። ስትወጣ ሬዙሜው ላይ ሦስት አዲስ መስመሮች ነበሩ፤ የዕለቱን ጥሬ ገንዘብ ከማሽኑ ጋር አስታርቃ እንደምትዘጋ፣ ዕቃ ቆጥራ እንደምታዝ፣ ሁለት አዲስ ሠራተኞች እንዳሠለጠነች። ፌሩ ላይ ከቀጣሪዎቹ ፊት ስትቆም ስለ ጂፒኤዋ የጠየቃት የለም። የጠየቋት ስለ ጋዝ ስቴሽኑ ነው።

እዚህ አገር ጥሩ የሚባል ቢዝነስ ትምህርት ቤት ሥራ ፍለጋን ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጎ ነው የሚይዘው። ገና አንደኛ ዓመት ላይ ሬዙሜ ያጽፉሃል፣ ራስህን በ30 ሰከንድ አስተዋውቅ ይሉሃል፣ የልምምድ ኢንተርቪው ላይ አስቀምጠው የት ጋ እንደተንተባተብክ ይነግሩሃል። ቦስተን ያለው ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲማ ተማሪውን እስከ 6 ወር ድረስ ሙሉ ቀን እየተከፈለው ድርጅት ውስጥ አሠርቶ ነው ወደ ክፍል የሚመልሰው።

የእኛን ልጆች የሚጎዳቸው ግን ካላንደሩ ነው። እንደ ዴሎይትና ኬፒኤምጂ ያሉት ትልልቅ የሂሳብ ድርጅቶች የሰመር ኢንተርን (በዕረፍት ጊዜ የሚሠራ ተለማማጅ) የሚመርጡት አንዳንዴ ከዓመት በላይ ቀድመው ነው፤ ሰመሩን በደንብ የሠራ ደግሞ ሳይመረቅ የቅጥር ደብዳቤ ይይዛል። ይህን ማን ለወላጅ ይነግረዋል? እኛ ልጆቻችንን "ክለብ ምናምን ተዪና አጥኚ" ብለን ነው ያሳደግናቸው። በዚያ ላይ ራስን ማወደስ ነውር ነው ብለናቸዋል። አንገቷን ደፍታ ያደገች ልጅ ቀጣሪ ፊት ቆማ "ይህን እችላለሁ" በይ ስትባል ቃል ከአፏ አይወጣም። አማካሪዋ ደግሞ ቢሮዋ ተቀምጣ ትጠብቃለች እንጂ ቤት ድረስ መጥታ አትጠራም።

አሁን ወደ አገር ቤት ልምጣ። የወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ በአካውንቲንግ ተመርቋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተጀመረውን የመውጫ ፈተናም በጥሩ ውጤት አልፏል። ትምህርቱን ከእህቴ ልጅ ባላነሰ እንደሚያውቅ ሁለቱን በስልክ ሳከራክራቸው አይቻለሁ። ኢንተርንሺፕ የወጣ ጊዜ ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ ተሰጠውና ቦታ ፈልግ ተባለ። ዘጠኝ መሥሪያ ቤት ዞሮ አሥረኛው ተቀበለው። እዚያም አንድ ወር ፎቶ ኮፒ ሲያነሳ ከረመ፤ መጨረሻ ላይ ቅጹን ሞልተው ፈረሙለት። ከተመረቀ በኋላ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተው ክፍት የሥራ ቦታ ከሚያነቡት ልጆች ጋር ቁጭ ማለት ሆነ። ማስታወቂያው ሁሉ "2 ዓመት የሥራ ልምድ" ይላል።

ደግሞ ይህ ነገር ለእኛ ባዕድ አልነበረም። አዲስ አበባ ያለው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ኮሜርስ፣ በ1943 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ታይፕና የሂሳብ መዝገብ አያያዝ የሚያስተምር፣ ልጁን ለቢሮ ወንበር የሚያዘጋጅ ቤት ነበር። ሥራ ራሱ ጥቂት ነው የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ እውነቱን ነው፣ አማካሪ ሥራ አይፈጥርም። ግን ተማሪን አስቀምጦ መጠየቅ ስንት ብር ይፈጃል? አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የባንክ ቤትን ሥራ የሚያውቅ አንድ ጡረተኛ።

የወንድሜ ልጅ ሲቪውን በቴሌግራም ላከልኝ። የትውልድ ዘመን፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ቋንቋ፣ "መንፈሳዊ መጻሕፍት ማንበብ"። አባቱ መርካቶ እህል በረንዳ ጤፍ ነጋዴ ነው። ልጁ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር እዚያ ነው የሚውለው። ደወልኩለት።

"የዱቤውን ደብተር የሚይዘው ማነው?"

"እኔ ነኛ ጋሼ።"

"ስንት ዱቤኛ አላችሁ? በወር ስንቱ ይከፍላል? የማይከፍለውን ምን ታደርጉታላችሁ?"

ዝም አለ። ከዚያ "ቆይ አንዴ" ብሎ ስልኩን አስቀመጠው፤ መሳቢያ ሲከፈት፣ ደብተር ሲገለጥ ይሰማኛል።

"ጋሼ፣ ባለፈው ዓመት 63 ሰው ነው የያዝነው" አለኝ። "አራቱ ብቻ ናቸው ሳይከፍሉ የቀሩት።"