ፍንጭት በላስቲክ አይዘጋም

በጎጃም ፍንጭት ጥርስ ሲወደስ የኖረ የቁንጅና ምልክት ነው። ቲክቶክ ግን ሁሉንም ፈገግታ አንድ ዓይነት ሊያደርገው ይፈልጋል። ሁለቱን የፊት ጥርሶች በቀጭን ላስቲክ አስሮ ማደርን የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች አሉ፤ ጥርሶቹ ሲቀራረቡ ያሳዩና እዚያው ላይ ያበቃሉ።

ጉዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጥርስ ወደ ሥሩ እየቀጠነ ስለሚሄድ ላስቲኩ ቀስ በቀስ ተንሸራቶ ድድ ውስጥ ይገባል። ከገባ በዓይን አይታይም፣ ብዙ ጊዜ በራጅም አይለይም። ጥርሱን የያዘውን ጅማትና አጥንት እየጎዳ ይዘልቃል። ድዱ ያብጣል፣ ይመግላል፤ ጥርሱ ከጎረቤቶቹ የረዘመ ይመስላል፣ ይነቃነቃል፤ መጨረሻው መነቀል ሊሆን ይችላል። ላስቲኩ ሌሊት «ጠፋብኝ» ያለ ወጣት ወድቆ ይሆናል ብሎ አይተወው፤ በማግስቱ ለጥርስ ሐኪም ይንገር።

ጥርስ ለማንጣት ተብሎ የሚቀባው የሎሚና የቤኪንግ ሶዳ ድብልቅም ያው ነው። ኢናሜል፣ ማለትም የጥርስ ጠንካራ የውጭ ሽፋን፣ መሟሟት የሚጀምረው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 5.5 አካባቢ ሲሆን የሎሚ ጭማቂ 2 ገደማ ነው። ሶዳው አሲዱን ያበርደዋል ይባላል፤ ማን ለክቶ ነው የሚቀላቅለው? ኢናሜል ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ቢጫ ዴንቲን ይወጣል፤ ሊነጣ የታሰበው ጥርስ ብሶበት ይቀራል፣ ቀዝቃዛ ውሃ በነካው ቁጥር ይጠዘጥዛል። የቡናና የሻይ እድፍ ከሆነ ጥርስ ማሳጠብ ይበቃዋል።

ስልኩን ግን አንጥለውም። ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ ባሕር ዳር ከመሄድ በፊት ለሚያውቁት ሐኪም በቴሌግራም ፎቶ መላክ ብልህነት ነው። ፊትን ወደ መስኮት አዙሮ፣ ጉንጭን በንጹህ ማንኪያ እጀታ ገለል አድርጎ፣ በቀን ብርሃን ማንሳት። ከፎቶው ጋር ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ትኩስ ነው ወይስ ቀዝቃዛ የሚቀሰቅሰው፣ ለሰከንዶች ይቆያል ወይስ ለደቂቃዎች የሚለውን መጻፍ ያስፈልጋል። ለደቂቃዎች የሚቆይና ከእንቅልፍ የሚያነቃ ሕመም ብዙውን ጊዜ ነርቩ መቆጣቱን ያመለክታል፤ ይህን ከፋርማሲ የተገዛ አሞክሲሲሊን አያድነውም። በሁለት ጥርሶች መካከል የተደበቀ ቀዳዳንም ፎቶ አያሳይም።

ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካስቸገረ መልእክት ልኮ መልስ መጠበቅ የለም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።