ሞርሳ ያለው ሁሉ ጠመንጃ ጠጋኝ አይደለም

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ ፈቃድ ስላላቸው የጦር መሣሪያዎች በተደረገ አንድ ውይይት ላይ አንድ ተናጋሪ ተነሥተው፣ «የአሮጌ በልጂግ ጠመንጃ አፈሙዝ መቀየር ምን ከባድ ነገር አለው? ብረት ጨብጦ የሚይዝ ሞርሳና ትልቅ ቁልፍ ያለው ሰው በቤቱ ይጨርሰዋል። ፈቃድ ያለው ጠጋኝ ፈልጉ ማለት ገበሬውን ማንከራተት ነው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ንግግሩን ብቻ ቢሆን በዝምታ ባለፍኩት ነበር። ጭብጨባውን ግን ማለፍ አልቻልኩም።

ማስረጃቸው ቪዲዮ ነው። አንድ አሜሪካዊ በመኪና ማቆሚያው ውስጥ የድሮውን አፈሙዝ ፈትቶ አዲሱን ሲያስር አይተዋል። የዘለሉት ሰውየው የያዘው ምን ዓይነት ጠመንጃ እንደሆነ ነው። እንዲህ ባለው ሥራ የታወቀው ሳቬጅ የሚባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ሲሆን አፈሙዙ የሚታሰረው በዳዶ ነው። ዳዶው ይላላል፣ አፈሙዙ ልኩ እስኪገኝ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይዞራል፣ ዳዶው መልሶ ይጠብቃል። የሚገጠመው አፈሙዝም ጥይት የሚጎርስበት ክፍሉ ፋብሪካ ውስጥ ተቆርጦ ያለቀለት ነው። በልጂግ ግን ማውዘር የሚባለው የጀርመን ንድፍ ጠመንጃ ነው፤ ዳዶ የሚባል ነገር የለውም። ጥርስ የወጣለት አፈሙዝ በቀጥታ ወደ ጠመንጃው አካል ገብቶ ውስጥ ካለ ቀለበት ጋር ተጋጭቶ ይቆማል። ልኩ ካልመጣ የፈለጉትን ያህል ቢያዞሩት አይስተካከልም። ወይ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ይላጫል፣ ወይ የጥይቱ ክፍል ለዚሁ በተሠራ መሰርሰሪያ ይጠልቃል። ሁለቱንም ሞርሳ አይሠራም።

ልክ ስል ምን ማለቴ ነው? መቀርቀሪያው ተዘግቶ ጥይቱ ሲጎርስ ቀለሁ፣ ማለትም ባሩዱን የያዘው የጥይቱ ቅርፊት፣ የሚያገኘው ክፍተት ነው። የሚፈተሸው በሁለት ትናንሽ የብረት መለኪያዎች ነው፤ በአንደኛው ላይ መቀርቀሪያው መዘጋት አለበት፣ በሌላኛው ላይ መዘጋት የለበትም። የሁለቱ መለኪያዎች ልዩነት የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ አካባቢ ነው። ይህን በጣት እየዳሰሰ «ገጥሟል» የሚል ሰው ጀግና ሊሆን ይችላል፤ ጠጋኝ ግን አይደለም። ክፍተቱ ሲበዛ ቀለሁ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ከግርጌው በላይ ይሳሳል፣ ከዚያም ይሰነጠቃል። ለ7.92 ሚሊሜትሩ የማውዘር ጥይት የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 3900 ባር ነው፤ የመኪና ጎማ የሚነፋው በ2 ወይም በ3 ባር ነው። ቀለሁ ሲቀደድ ያ ጋዝ ተመልሶ የሚመጣው ጉንጩን ሰደፉ ላይ ወዳስጠጋው ሰው ዓይን ነው። የማውዘር መቀርቀሪያ የጋዝ መውጫ ቀዳዳዎች የተበጁለት ለጌጥ አይደለም። ጠመንጃውን የነደፉት ሰዎች አደጋውን ያውቁት ነበር፤ የእኛ ተናጋሪ ግን አያውቁትም።

ይባስ ብሎ፣ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች በሰላም ሊወጡ ይችላሉ። ያን ጊዜ ባለ ሞርሳው «ሠራሁት» ይላል፣ ወሬው ሰፈሩን ያዳርሳል፣ ጎረቤትም የራሱን ይዞ ይመጣል። ጠመንጃው ለወንድም፣ ለአማች፣ ለሰብል ጠባቂ ይዋሳል። የሚፈነዳው ማን እጅ ላይ እንደሆነ ቀያሪው ላያውቅ ይችላል።

ለመሆኑ አዲሱ አፈሙዝ ከየት ይመጣል? እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ሁሉ ነገር ይገኛል ቢባልም የማውዘር አፈሙዝ በመደርደሪያ ተደርድሮ አይጠብቅም። የሚመጣው ከሌላ ከሞተ ጠመንጃ ተነቅሎ ነው። ዝገት የያዘውን ጥርስ ለማላቀቅ ደግሞ እሳት ይለቀቅበታል። የማውዘር አካል ጥንካሬውን ያገኘው ገጹ በሙቀት ጠንክሮ ስለተሠራ ነው፤ በጋዝ እሳት እስኪቀላ ያነደደው ሰው መቀርቀሪያውን የሚሸከመውን ብረት አለስልሶታል። ጠመንጃው እንደ ድሮው ያብረቀርቃል፣ ይወለወላል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። መበላሸቱን የሚናገር ምልክት አይታይበትም።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን «የባቡር ዕቃ ሲቀርጹ የኖሩ የድሬ ልጆች አፈሙዝ ያቅታቸዋል?» የሚለው የተናጋሪው አባባል ነው። ይህ ሙገሳ ሳይሆን ስድብ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ ወዲህ የዚህች ከተማ የቶርኖ ባለሙያዎች ስማቸውን የገነቡት በማይክሮሜትር ነው፤ በግምት የቀረጸ ሰው እዚያ ወርክሾፕ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። እነርሱን ምስክር አድርጎ ጠርቶ ለቤት ውስጥ ግምት መሟገት ድፍረት ይጠይቃል። የእነርሱ ታሪክ የሚመሰክረው ለእኔ ነው።

መንገዱ ሩቅ ነው የሚለውን እቀበላለሁ። ከሐረርጌ ገጠር ተነሥቶ ጠጋኝ መፈለግ ገንዘብም ቀንም ይበላል። እንግዲያው ጠጋኙ ይቅረባ! ድሬዳዋም ሐረርም ቶርኖ አላጡም። መለኪያው ይገዛ፣ ባለሙያው ፈቃድ ይሰጠው፣ የእያንዳንዱ ጠመንጃ ቁጥር በመዝገብ ይግባ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ እንኳ በሚያስጠይቅበት አገር፣ የጠመንጃን ዋና አካል ማንም በጓዳው ይለዋውጥ ማለት ስለ ገበሬው መቆርቆር አይደለም።

ተናጋሪው ሐሳባቸውን በሚቀጥለው ስብሰባ ይዘው ከመጡ ያጨበጨቡት ሰዎች ሁለት ጥያቄ ያቅርቡላቸው፤ መለኪያዎቹ የታሉ? በቤት ከተቀየረው ጠመንጃ የመጀመሪያውን ጥይት የሚተኩሰው እርስዎ ነዎት ወይስ የእኛ ልጅ?