አባቴ በሐመሩ «ሕ» ተያዘ

ዛሬስ ልናገር። ሆዴ ውስጥ ይዤው ብውል ያመኛል።

አባቴ 34 ዓመት አስተምሯል። ኩታበር፣ ሐይቅ፣ መጨረሻ ላይ ደሴ። ስንቱን የወሎ ልጅ ፊደል አስቆጥሮ በ60 ዓመቱ ጡረታ ወጣ። የአያቴ ስም አህመድ ነው። ጡረታ ፋይሉ ላይ በሐመሩ ተጽፏል፣ «አሕመድ»። ባንክ ደብተሩ ላይ በሀሌታው ነው፣ «አህመድ»። በቃ፣ ጥፋታችን ይኸው ነው።

መረጃ ይታደስ ተብሎ ጡረታ ቢሮ ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ አየና «አባባ፣ ስሙ አይመሳሰልም። አንድ ሰው መሆንዎን ከቀበሌ ያጽፉ» አለ። ሀ ሁ ሲያስቆጥር የኖረ ሰው በ«ሕ» ተያዘ! ሳቄ መጥቶ ነበር፣ የአባቴን ፊት ሳይ ዋጥኩት።

ቀበሌ ሄድን፣ ማህተም ያዡ ስብሰባ ላይ ነው። በማግስቱ ኔትወርክ የለም። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤው ተጻፈልንና ይዘን ወጣን። ወጣን ስል የምሬን ነው፣ የጡረታ ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። አባቴ ጉልበቱን ያመዋል። በየመታጠፊያው ይቆማል፣ ግድግዳውን በመዳፉ ይደገፋል። የሚደገፍበት ቦታ ላይ ቀለሙ ለቆ ጠቁሯል። ስንት ጡረተኛ ተደግፎት ይሆን? ላይ ስንደርስ «ደብዳቤው ወጪ ቁጥር የለውም» ተባልን።

ወላሂ፣ ይሄ ሁሉ የሚሊዮን ብር ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። የጡረታ ስሌቱ ይታወቃል። ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ። የአባቴ 60 በመቶ ይመጣል። የምኑ 60 በመቶ? የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ። የድሮ የአስተማሪ ደመወዝ! አልፎ አልፎ ማስተካከያ ይደረጋል፣ ግን ጤፍ እሱን አይጠብቅም።

ደግሞ እኛ እኮ ዕድለኞች ነን። አባቴ እኔ አለሁት። ቀበሌው በር ላይ አንዲት እናት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ የታጠፈ ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው። «ልጄ፣ ይቺን አንብብልኝ» አሉኝ። የሴፍቲኔት ጉዳይ ነው። ጉልበት የሌለው አረጋዊ ሳይሠራ የሚያገኘው ቀጥታ ድጋፍ አለ አይደል? ስማቸው ከዝርዝሩ ተዘሏል። ወረቀቱ «ቅሬታ ካለዎት በጽሑፍ ያቅርቡ» ይላል። ማንበብ ለማይችሉ ሴት! እማማ፣ ማን አለዎት ስላቸው «አላህ» አሉኝ። ቅሬታውን እዚያው ጉልበቴ ላይ ጻፍኩላቸው። የተቀበለው ልጅ ወረቀቱን ካየ በኋላ «እርስዎ ምናቸው ነዎት?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ። ሰው ያለው ነው የሚስተናገደው ማለት ነው። የሌለውስ?

እዚያው ግቢ ውስጥ «ሴቶች፣ ሕፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ» የሚል በር አለ። ስለ አረጋውያን መናገር የዚያ በር ሥራ ነው። መስከረም ላይ የአረጋውያን ቀን ሲከበር ኮፍያና ቲሸርት ሲታደል አይቻለሁ፣ ፎቶም ተነስተዋል። እማማን ያገኘሁ ቀን ግን በሩ ዝግ ነበር። አንኳኩቻለሁ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ አረጋውያንን መርዳትን ያነሳል፣ የአገር አቅም እስከፈቀደ ድረስ እያለ። እሺ፣ አቅም የለም እንበል። ምድር ቤት ላይ አንድ ጠረጴዛ ለማውረድ የምን አቅም ይፈልጋል? የጡረተኛ ጉዳይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሰቀለውን ሰው ባገኘሁት።

አባቴ ግን አይናደድም። «አብሽር» ይለኛል፣ ደረጃውን ቁልቁል እየቆጠረ። 52 ነው አለኝ።

ወጪ ቁጥሩን ይዛችሁ ሐሙስ ኑ ተብለናል። ሐሙስ በየትኛው «ሐ» እንደሆነ አልነገሩንም።