የባሕር ከፍታ ጣና ዳር ያለውን ሰው ይመለከተዋል?

የዓለም ባሕሮች ከፍ እያሉ ነው። ይህ ጣና ሐይቅ ዳር ያለችውን የባሕር ዳር ከተማ ሰው ይመለከተዋል ወይ? አንድ ባለጀልባና አንዲት የጂኦግራፊ መምህርት በጽሑፍ ተከራክረውበታል።

ባለጀልባው፦
አይመለከተንም ባይ ነኝ። ጣና ያለው ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቀይ ባሕር ምንም ቢሞላ እዚህ አንዲት ጠብታ አትደርስም። የእኛን ውሃ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ክረምቱና አባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ ያለው የጨረጨራ ግድብ ነው። የእኛ ጭንቅማ የውሃው መሸሽ ነው! በ1995 ዓ.ም ሐይቁ በጣም ወርዶ ትልልቆቹ ጀልባዎች ለወራት ቆመዋል። ባሕር ሸሹ፣ ማለትም ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት፣ ወዲያው ይታረሳል፤ ደንገሉም አብሮ ይጨፈጨፋል። ታንኳ የሚሠራ ሰው ደንገል ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል። እምቦጩን ደግሞ ገበሬው እስከ ወገቡ ውሃ ገብቶ በእጁ ይነቅላል። ይህ ሁሉ ደጃችን ላይ እያለ ስለ ሩቅ ባሕር ለመጨነቅ ጊዜ የለንም።

መምህርቷ፦
ልክ ነዎት ወንድሜ፣ ውሃው አይደርስም። መዘዙ ግን ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 ባሕሩ በአማካይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ የየብስ በረዶም ቀልጦ ይጨመርበታል። ማዳበሪያውም ነዳጁም የሚገባልን በጅቡቲ ነው፤ ጅቡቲ ከተማ ደግሞ ዝቅተኛ ባሕር ዳር ላይ የተሠራች ናት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የአባይ መጨረሻ፣ ወንዙ ባሕር የሚገባበት ዝቅተኛ የእርሻ መሬት፣ የግብፅ ዴልታ ነው። መሬቱ ራሱ እየሰመጠ ነው። ድሮ በጎርፍ የሚመጣለት ደለል የግብፁ አስዋን ግድብ ላይ ቀርቷል። ባሕሩ ከፍ ሲል ጨዋማው ውሃ ከመሬት በታች ሰርጎ ወደ ማሳው ይጠጋል። አፈሩ ነጭ ያወጣል፣ ሰብሉም ይጠወልጋል። ጨዉን አጥቦ የሚያወርደው ብዙ ጨው አልባ ውሃ ነው። ይህ ውሃ አብዛኛው ከየት እንደሚሄድ ደግሞ እናውቃለን። ዴልታው በጨው በተጎዳ ቁጥር በአባይ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ይበረታል። የሚነሳውም እኛው ላይ ነው።

ባለጀልባው፦
የጅቡቲውን ተቀብያለሁ። የዴልታው ጨው ግን የእኛ ዕዳ አይደለም እህቴ። ባሕሩን ያሞቀው የእኛ ገበሬ አይደለም፣ ደለሉንም የያዘው አስዋን ነው። እኔ ወደ ጣና የሚገቡትን የጉማራንና የርብን ወንዞች ልጠብቅ። ነጩ አሳ በክረምት ሊራባ ሽቅብ ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቀዋል። ይህን ማስቆም የእኛ ፋንታ ነው።

መምህርቷ፦
ዕዳው የእኛ ነው አላልኩም። ጥያቄው ሲመጣ ባዶ እጃችንን እንዳንገኝ ነው የምለው። መረቡም ይነሳ፣ ደንገሉም ይመለስ፤ በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ልጆቻችን ግን የዴልታውንም ነገር አብረው ይማሩ። ስለ አባይ በሚደረግ ድርድር ላይ ያ ጨው መነሳቱ አይቀርም፤ ያኔ እንደ አዲስ ወሬ የሚሰማ ተደራዳሪ ከዚህ ሀገር እንዲወጣ አልፈልግም።