እርማት፦ 24 ፍሬምን ወደ 30 መቀየር ቪዲዮን አያለሰልስም

«በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተቀረጸ ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ይንገጫገጫል፤ ከመጫናችሁ በፊት ወደ 30 ቀይሩት» የሚለው ምክር በቅን ልቦና እንደተሰጠ አልጠራጠርም። ነገር ግን በሽታውን መድኃኒት ብሎ ማዘዝ ነው።

ሂሳቡን እንየው። 24ቱ 30 እንዲሆኑ በየሴኮንዱ 6 ተጨማሪ ፍሬም ያስፈልጋል፤ ካሜራው ግን እነዚህን አልቀረጻቸውም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከየአራቱ አንዱን ይደግማል። ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፍ መኪና አራት እርምጃ ይሄድና ለቅጽበት ይቆማል፤ እንደገና አራት ይሄዳል፣ ይቆማል። ዓይን የሚታዘበው ይህንኑ ነው። ፍሬሞቹን በማደባለቅ እናለስልሰው ካሉ ደግሞ ጥላ የሚከተለው፣ የደበዘዘ መኪና ያገኛሉ።

ዩቲዩብ ራሱ የሚመክረው ቪዲዮው በተቀረጸበት ፍጥነት እንዲጫን ነው። 23.976 ከሆነም 23.976 ይሁን፤ «ያው 24 ነው» ብሎ ማጠጋጋት እንኳ በየ42 ሴኮንዱ ገደማ አንድ ፍሬም ያስደግማል።

እርግጥ ነው፣ ብዙ ስክሪኖች ምስሉን በሴኮንድ 60 ጊዜ (በ60 ኸርዝ) ያድሳሉ፤ 60 ደግሞ ለ24 እኩል አይካፈልም። በ60 ኸርዝ ስክሪን ላይ አንዱ ፍሬም 3 ጊዜ፣ ቀጣዩ 2 ጊዜ ይታያል። ይህ ግን የስክሪኑ ጉዳይ ነው፤ በ120 ኸርዝ እያንዳንዱ ፍሬም 5 ጊዜ ስለሚታይ ችግሩ ይቀራል። ፋይሉ ውስጥ የገባ ድግግሞሽ ግን በየትኛውም ስክሪን አይለቅም።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቀረጻው ነው፦ ሹተሩ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያገኝበት ጊዜ) 1/500 ሴኮንድ ላይ ሆኖ ካሜራው በጥድፊያ ሲዞር። 1/48 ወይም 1/50 ላይ ያድርጉትና ካሜራውን ረጋ ብለው ያዙሩት። ፀሐዩ ካየለ ሹተሩን አይንኩ፤ ብርሃን የሚቀንስ ፊልተር ሌንሱ ላይ ይግጠሙ።