«ከሦስት ሁለቱ ይመለሳሉ»

ጭቅጭቁን ያስነሣው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ የሆነ ወጣት ስለ አሜሪካ የተፈቱ ታራሚዎች በሚያዘጋጀው ጥናት መግቢያ ላይ «ከእስር ቤት ከሚወጡት ከሦስት ሁለቱ ተመልሰው ይገባሉ» ብሎ ጽፏል። በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ብዙ ዓመት የሠሩ ሰው አነበቡትና «ይሄን ማነው ያለው?» አሉት።

«መንግሥት ነዋ፣ ጋሼ! የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮው ዘገባ 68 በመቶ ይላል።»

«68 በመቶው ምን ሆኑ ነው የሚለው?»

ልጁ ዘገባውን ከፈተው። እ.ኤ.አ. በ2005 በ30 ግዛቶች ከእስር ቤት የተፈቱትን ለዘጠኝ ዓመት የተከታተለ ነው፦ በሦስት ዓመት ውስጥ 68፣ በስድስት ዓመት 79፣ በዘጠኝ ዓመት 83 በመቶ። የሚቆጥረው ግን በፖሊስ እንደገና የተያዘውን ነው። የተያዘ ሰው ክሱ ሊቋረጥ፣ በነጻም ሊሰናበት ይችላል። የዚያው ዓመት ተፈቺዎች እስር ቤት በመመለሳቸው ሲለኩ በሦስት ዓመት ግማሽ ያህል ናቸው፤ ከእነሱም መካከል የአመክሮ ግዴታቸውን በማፍረስ ብቻ የተመለሱ አሉ።

«እሺ፣ ‹ግማሹ› ብዬ አርመዋለሁ።»

«እሱም አይበቃም። በ2014 የወጣ ጥናት ደግሞ ከሦስት ሁለቱ ጨርሶ አይመለሱም ይላል።»

«ሁለቱም እንዴት እውነት ይሆናሉ?»

ሰውየው ወረቀት ሳቡ። አሥር ሰው እንውሰድ አሉ። ሰባቱ አንድ ጊዜ ታስረው ወጡ፣ በዚያው ቀሩ። ሦስቱ አምስት አምስት ጊዜ ገብተው ወጡ። በበሩ 22 መውጣት ተመዘገበ፤ ከ22ቱ 12ቱ መመለስ ተከትሏቸዋል፣ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ሰዎቹን ስትቆጥር ግን የተመለሱት ከአሥር ሦስት ናቸው። በአንድ ዓመት የወጡትን ብቻ ይዘህ ስትከታተል እነዚያ ተመላላሾች መረብህ ውስጥ ይበዛሉ።

ልጁ ይህን ተቀበለ፤ ጥፋቱን ግን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መለሰው። ካታሎጉ ላይ «ሪኤንትሪ» (ከእስር ወጥቶ ወደ ኅብረተሰቡ መመለስ) ብሎ ቢፈልግ የመጣለት ወደ ከባቢ አየር ስለሚመለሱ የጠፈር መንኮራኩሮች ነበር። «ታዲያ ጎግል ባደርግ ይፈረድብኛል?»

«ቃሉን ብቻውን ስለላክኸው ነው» አሉት። እንደ ክሪሚናል ጀስቲስ አብስትራክትስ ያለ የወንጀል ፍትሕ ጥናቶች ዳታቤዝ የራሱ የርዕስ ቃላት ዝርዝር አለው፤ መጀመሪያ እሱን መክፈት ነው። «ሪሲዲቪዝም» (ወደ ጥፋት መመለስ)፣ «ፓሮል» (አመክሮ)፣ «ፎርመርሊ ኢንካርሰሬትድ» (ቀድሞ የታሰረ) በ«ኦር» (ወይም) ተያይዘው በአንድ ቅንፍ ይገባሉ፤ ከቅንፉ ውጭ «ኤንድ» (እና) ተብሎ ሥራ ወይም መኖሪያ ቤት ይጨመራል። «ኤክስ ኦፌንደር» (የቀድሞ ጥፋተኛ) እና «ኤክስ ኮንቪክት» (የቀድሞ ፍርደኛ) ዛሬ ሰው የሚሸሻቸው ቃላት ናቸው፤ ካልጻፍካቸው ግን የ1970ዎቹና የ80ዎቹ ጥናቶች ያመልጡሃል። መደርደሪያ ላይም መጻሕፍት በርዕስ ቁጥር በሚደረደሩበት በዲዊ አመዳደብ እስር ቤቶች 365፣ የተፈቱ ጥፋተኞች 364.8 ላይ ስለሆኑ አንዱን ብቻ አይቶ መመለስ ሌላውን ማጣት ነው።

በአማርኛ የሚያስብ ሰው የሚሰናከልበት ሌላ ነገር አለ። እኛ «እስር ቤት» የምንለውን አሜሪካኖች ለሁለት ይከፍሉታል፤ «ጄል» የአካባቢ ሆኖ ፍርድ የሚጠብቁትንና ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት የማይበልጥ ቅጣት ያለባቸውን ይይዛል፣ «ፕሪዝን» የግዛት ወይም የፌዴራል ነው። ከላይ ያሉት ቁጥሮች የፕሪዝን ናቸው።

ድምፅ ከፍ ያለው መረጃው ላይ ሲደርሱ ነው። ሰውየው ከ1978 ጀምሮ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ካለው ብሔራዊ የወንጀል ፍትሕ መረጃ ማኅደር ጥሬ ፋይሉን አውርድ አሉ። ልጁ ሁለት ሳምንት ነው የቀረኝ፣ የስታቲስቲክስ ሰውም አይደለሁም አለ።

በቁጥሩ ነገር ሰውየው ትክክል ናቸው፤ በጥሬ ፋይሉ ግን ለልጁ እፈርዳለሁ። ከፋይሎቹ አንዳንዶቹ የተገደቡ ስለሆኑ ማመልከቻና የሥነ ምግባር ቦርድ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ለአንድ የክፍል ጥናት ያን ያህል መሄድ ትርፉ ድካም ነው። ለእሱ የሚበቃው የፋይሉ መግለጫ መጽሐፍ፣ «ኮድቡክ» የሚሉት ነው። ማን እንደተቆጠረ፣ «መመለስ» ሲባል መያዝ፣ መፈረድ ወይስ መታሰር እንደሆነ፣ ለስንት ዓመትና በየትኞቹ ግዛቶች እንደሆነ እዚያው ተጽፏል። እነዚህን በአንድ መስመር ካልጻፈ ቁጥሩን ባይጠቅሰው ይሻለው ነበር።

ሁለቱም ያላዩት ደግሞ በልጁ ጥናት ቀጣዩ ገጽ ላይ አለ፦ «የእስር ቤት ትምህርት ተመላሾችን በ43 በመቶ ይቀንሳል።» ምንጩ ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም የ2013ቱ ጥናት ነው። 43ቱ ግን የተመላሾች ብዛት ሳይሆን «ኦድስ» የሚባለው፣ የተመለሱት ካልተመለሱት ጋር ያላቸው ጥምርታ ነው፤ በተራ መቶኛ ሲቆጠር ልዩነቱ 13 ነጥብ መሆኑን ያው ጥናት ጽፎታል።