ወተቱ እዚያ አይደርስም

«ማላታይን የሚባለውን የተባይ መርዝ ሲረጭ የዋለ ሰው ከተንቀጠቀጠ መርዙ ነርቩን አቃጥሎት ነው፤ ወተት ጠጥቶ ይተኛ» ላልከው ወንድሜ፦ ሁለቱም ልክ አይደለም።

ወተቱን እኔም አውቀዋለሁ፤ ያደግሁት ጣና ዳር፣ ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ነው። ግን መርዙ በአፍ ብቻ አይገባም። ከታዘለው መርጫ እየተንጠባጠበ ሸሚዙን ያረጠበው በቆዳ ይገባል። ወተት እዚያ ምን ይሠራል?

ነርቩም አልተቃጠለም። ነርቭ ጡንቻን የሚያዘው አሴቲልኮሊን በሚባል ኬሚካል ነው። ኬሚካሉ የጡንቻውን ተቀባይ፣ ማለትም ትእዛዙን የሚቀበልበትን ቦታ፣ ይነካል፤ ወዲያው ኢንዛይም ያፈርሰዋል። ማላታይን ሰውነት ውስጥ ተለውጦ የሚያስረው ይህንን ኢንዛይም ነው። ኬሚካሉ ይከማቻል፣ ትእዛዙ አይቆምም። መጀመሪያ ከቆዳው ሥር ትል የሚሄድ ይመስል ሥጋው ይርገበገባል። ቆይቶ ይዝላል። ጉዱ የሚመጣው የመተንፈሻ ጡንቻ ሲዝል ነው።

«አትሮፒን የሚባለውን ማርከሻ መድኃኒት ይወጋና ያበቃል» ያላችሁም አላችሁ። አትሮፒን ምራቁንና የሳንባውን ፈሳሽ ያደርቃል፣ ሕይወትም ያድናል። የጡንቻውን ተቀባይ ግን አይነካም። ለዚህ ነው አንዳንዱ ተወግቶም የመተንፈሻ ማሽን የሚያስፈልገው።

እጃችሁን በፌስታል ሸፍናችሁ ልብሱን አውልቁለት፣ በሳሙና እጠቡት፣ ባጃጅ ጠርታችሁ ሆስፒታል ውሰዱት። የመርዙንም ጠርሙስ ያዙ። ወተት ፍለጋ ጎረቤት ስታንኳኩ እኮ ባሕር ዳር ትደርሱ ነበር!